ጎህ ሲቀድ ስለሚሞተው ኔትወርክ፣ ለክቡር የዲጂታል ኃላፊያችን

ለሊልብሬና ማዘጋጃ ቤት የዲጂታል አገልግሎት ኃላፊ
ለክቡር ክላስ-ዮራን ቪድፎርስ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ከረማችሁ? ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይም በቢሯችን መስኮት ሥር ተንበርክከው ፎቶ ሲነሱ «አይ ጉልበቴ» ያሰኘዎት ያ የግራ እግርዎ ፈጽሞ ድኖ እንደሆነ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የሚንበረከኩበት ሌላ ጉዳይ ስላለኝ ነው። በዚህ አገር በማዕረግ መጠራራት ከቀረ ብዙ ዘመን መሆኑን፣ ሚኒስትሩንም ሐኪሙንም «አንተ» እያልን በስሙ እንደምንጠራ አላጣሁትም። ለእርስዎ ስል ግን «እርስዎ»ን ከአያቴ ሣጥን አውጥቼ አቧራውን አራግፌ አምጥቼዋለሁ። ከሌላው ሰው ጋር እኩል አድርጌ ልጽፍልዎ ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ማይሊስ ኦከርስትራንድ እባላለሁ። እርስዎ ባይረሱኝም ለጋዜጣው አንባቢዎች ስል ልናገር፤ በከተማችን የአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ቢሮ አስተባባሪ ነበርኩ። ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ፣ የማን መድኃኒት መቼ እንደሚሰጥ፣ ማን ከሆስፒታል ተሽሎት እንደሚመለስ የምከታተለው እኔ ነበርኩ። «ነበርኩ» የምለው እርስዎ በፈረሙት ሪፖርት ምክንያት ነው። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ያወጣሁት ደግሞ ለመሥሪያ ቤትዎ የላክኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «ተፈትቷል» እየተባሉ ስለተዘጉ ነው፤ ጋዜጣ እንደዚያ በቀላሉ አይዘጋም ብለውኛል። ለአውራጃው የዲጂታል ልማት ዳይሬክተርነት መታጨትዎንም ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አንዲት ትንሽ ከተማ ትበቃዎታለች ብሎ ያሰበ ሰው ችሎታዎን አሳንሶ ተመልክቶት ነበር።

ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ መብራቱ አመሰግናለሁ። ከገና በፊት ባለው በመጀመሪያው የመብራት እሑድ ዋዜማ፣ እንደ ከተማው ሁሉ እኛም በየመስኮቱ ባለ ሰባት አምፖሉን መቅረዝ ስናቆም፣ እርስዎ ቅመም የገባበት ትኩስ ወይን በቴርሞስ፣ የዝንጅብል ብስኩት በቆርቆሮ ይዘው ከማዘጋጃ ቤቱ ፎቶ አንሺ ጋር ብቅ አሉ። የኃይል ቁጠባ ዘመቻው መሪ ስለነበሩ ለየቢሮው አንዳንድ ታይመር አደሉ፤ ያው ሶኬት ላይ ተሰክቶ መብራቱን በራሱ ጊዜ የሚያበራውና የሚያጠፋው ነው። ሲመሽ እንዲያበራ፣ ጎህ ሲቀድ እንዲያጠፋ በገዛ እጅዎ ሞሉት። ባልደረባዬ ጉንቦር «ተወው ባክህ፣ እኛ እንሰካዋለን፣ ሱሪህን ታቆሽሻለህ» ብትልዎ፣ «ቴክኒኩን ለእኛ ተዉት፣ እናንተ ሽማግሌዎቻችሁን ጠብቁ» ብለው ከመጋረጃው ኋላ ገቡ። ፎቶው ተነሳ፣ ወይኑ ተጠጣ። እኛም ሽማግሌዎቻችንን ለመጠበቅ ሞከርን።

ሁለተኛ፣ በቀጣዩ ሰኞ ስለጀመረው ተአምር። በክረምት ሥራ የምንገባው በጨለማ ነው፤ ገብተን ኮምፒውተሮቻችንን ስንከፍት ሁሉም ሰላም ነበር። ሰማዩ ገርጣ ገርጣ ማለት ሲጀምር ግን የሁላችንም ስክሪን ባንድ ጊዜ «ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» አለን። የቤት ለቤት ጉብኝቱ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ነው፤ የመድኃኒቱ ዝርዝር ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ሆስፒታሉ የሚልክልን መልእክትም እዚያው ነው። ቢሯችን የድሮ ትምህርት ቤት በመሆኑና ግድግዳው እንደ ምሽግ በመወፈሩ ከገመዱ በቀር ሌላ መውጫ የለንም። ቀኑን ሙሉ በትዝታ ሠራን። ከምሳ በኋላ ሲጨላልም ደግሞ ማንም ምንም ሳይነካ ግንኙነቱ ተመለሰ። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ፤ ረቡዕም። ጉንቦር «ይሄ ኔትወርክ የሌሊት ወፍ ነው እንዴ? ብርሃን ሲያይ የሚደበቀው» እያለች ትስቅ ነበር። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ደወልንልዎ። ባለሙያዎ ፖንቱስ፣ በእውነት ጨዋ ሰው ነው፣ «አጥፍተሽ አብሪው» አለኝ። አጥፍቼ አበራሁ። «የሁሉንም አጥፉና አብሩ» አለ። የሁሉንም አጥፍተን አበራን። ከዚያ እሱ ከተማው መሃል ከሚገኘው ሞቃት ክፍሉ ሆኖ ሰርቨሩን «አለህ ወይ?» ብሎ ጠራው፤ ሰርቨሩም ከዚያው ሕንፃ ምድር ቤት «አለሁ» ብሎ መለሰለት። ፖንቱስ «ሰርቨሩማ ደህና ነው፣ እንደ ፈረስ ነው» ብሎ አበሠረኝ። እኔ ስለ ሰርቨሩ ጤና ተጨንቄ አልነበረም። እኔን ያስጨነቀኝ ከእኔ ጠረጴዛ እስከ ሰርቨሩ ድረስ ያለው መንገድ ነበር፤ ያንን መንገድ ደግሞ ከመሥሪያ ቤትዎ ወገን ማንም በእግሩም በጣቱም ሄዶበት አያውቅም።

መጥቶ እንዲያይልን ለመንን። መጣም። ነገር ግን የመሥሪያ ቤትዎ ሰዎች ጠዋት ስብሰባ አለባቸው፤ ከስብሰባው በኋላ ምሳ አለ፤ ከምሳው በኋላ ቡናና የቀረፋ ዳቦ አለ። ስለዚህ ፖንቱስ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሁልጊዜ ጨልሞ፣ መቅረዞቻችን በርተው፣ ኔትወርኩም እንደ ሙሽራ ተሽሞንሙኖ ይጠብቀው ነበር። ከወንበሬ ላይ ተቀምጦ አንድ ሁለት ነገር ይጫንና «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል። ቀን ና ስንለው «ምን ያደርጋል? ይሠራል ብዬ ማመልከቻውን ዘግቼዋለሁ» አለን። ማመልከቻዬ ላይ የተጻፈው «የተጠቃሚ ስህተት» የሚል ነበር። በሌላው ቀንም «የተጠቃሚ ስህተት» ተባልኩ። ከጊዜ በኋላ ስሜ ይመስል ለመድኩት።

ሦስተኛ፣ በኮሪደራችን ላይ በፊርማዎ ስለተሰቀለው ባለ ቀለም ማስታወቂያ። «ግንኙነት ሲቋረጥ» ይላል በትልቁ። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ተመልከት፤ ቀጥሎ ገመዱን፤ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ አድራሻ ማግኘቱን፤ ቀጥሎ ሰርቨሩ መልስ መስጠቱን፤ በመጨረሻም ፕሮግራሙን። ግሩም ትምህርት ነው። ከሥሩ ደግሞ በቀይ ቀለም «የኔትወርክ መሣሪያዎችን ከዲጂታል አገልግሎት ሠራተኛ በስተቀር ማንም መንካት አይችልም» ይላል። እኛ ሕግ አክባሪ ሕዝብ ነን፤ መንካት ክልክል ነው ከተባልን አጠገቡም አናልፍም። ስለዚህ እንዳንነካ የተከለከልነው እኛ አልነካንም፤ እንዲነኩ የተፈቀደላቸው እናንተም የማስታወቂያውን የመጀመሪያ መስመር ዘላችሁ ከታች ጀመራችሁ።

አራተኛ፣ ስለ ጥበብዎ። ነገሩ እንደማይፈታ ሲገባኝ በቀጥታ ለእርስዎ ጻፍኩ። የጠየቅኩት ትንሽ ነገር ነበር፦ ግንኙነቱ እስኪስተካከል ድረስ ሆስፒታሉ አንድ ሰው ወደ ቤቱ ሲልክ ስልክ ደውሎ እንዲነግረን ይፈቀድልን አልኩ። ስልክ፣ ያ በአፍ የሚያወሩበት። እርስዎም በክብር መለሱልኝ። ደብዳቤዎን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ትይዩ አሠራር መፍጠር ሠራተኞች በሥርዓቱ ላይ ያላቸውን እምነት ስለሚሸረሽር አይፈቀድም» ይላል። ሥርዓቱ ላይ የነበረኝ እምነት በእርስዎ ጥንቃቄ አንዳችም ሳይሸረሸር ተረፈ። የተሸረሸረው ሌላ ነው።

አምስተኛ፣ አልጎት ነው።

አልጎትን አያውቁትም፤ በሪፖርትዎ ውስጥ «ተገልጋይ» ተብሎ አንድ ቦታ ላይ ተጠቅሷል። ዕድሜውን ሙሉ የግንድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ ከሐይቁ ማዶ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ብዙ አይናገርም። እንደ እዚህ አገር ሰው ሁሉ «አዎ» ሲል አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል እንጂ ቃል አያወጣም። እኔ ግን ለዓመታት ስለማውቀው ከትንፋሹ ርዝመት ብቻ ደስ ሲለውና ሲያዝን ይገባኝ ነበር፤ ደስ ሲለው ይረዝማል። ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ሲገባ «ስመለስ ምድጃውን አንቺ ታስለኩሽልኛለሽ አይደል?» ብሎኝ «ታዲያ ማን ሊለኩስልህ ነው?» ብዬው ነበር።

የተመለሰው በቀን ብርሃን ነው። ሆስፒታሉ ጠዋት መልእክቱን ላከ፤ መልእክቱ ሰርቨርዎ ላይ በሰላም ደረሰ፤ እንደ ፈረስ ጤነኛ የሆነው ሰርቨርዎም ተቀብሎ አስቀመጠው። የበሽተኛ ታክሲው አልጎትን ደጃፉ ላይ አውርዶት ሄደ። ቤቱ ለሳምንታት እሳት አልነደደበትም፤ ውጭው የሚቆረጥም ብርድ ነበር። ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ብርዱ ሲብስበት እንጨት ሊያመጣ ተነሳ፤ ምድጃው አጠገብ ወደቀ፤ ዳሌው ተሰበረ። ስልኩ ከኮቱ ኪስ፣ ኮቱ ከበሩ ማንጠልጠያ ላይ ነበር። እኛ በዚያ ሰዓት ባዶ ስክሪን እያየን ተቀምጠናል። ከመሸ በኋላ ግንኙነቱ ሲመለስ መልእክቱን አየሁት፤ ኮቴንም ሳልቆልፍ ሮጥኩ። ከወለሉ ላይ ሳገኘው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። «ማይሊስ፣ ረሳሽኝ?» አለኝ። አልረሳሁህም አልኩት፤ በዚያች ሰዓት ግን እውነት የሚመስል ነገር በአፌ አልነበረም።

በሕይወት ተርፏል። የእግር ጣቶቹን አጥቷል፤ ዳሌው አልገጠመለትም። ወደ ሐይቁ ማዶ አይመለስም። ቤቱን የእህቱ ልጅ እያሸገች ነው፤ እሱ አሁን በአረጋውያን መኖሪያው ውስጥ በአንዲት ክፍል ይኖራል።

ስድስተኛ፣ ስለ ምርመራው ፍጥነት ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። ኔትወርኩን ለማየት አንድም ረፋድ ያልተገኘለት መሥሪያ ቤት እኔን ለመመርመር ረፋዱንም ቀትሩንም ሰጠኝ። ድምዳሜው አጭርና ግልጽ ነበር፦ መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ በጊዜው ደርሷል፣ ተቀባይዋ በጊዜው አልከፈተችውም፣ ስለዚህ መንስኤው የሰው ስህተት ነው። ከሥራዬ ተነሳሁ። ይህንንስ ልችለው እችላለሁ፤ ደመወዝ የሚገኝበት ሌላ ቦታ አይጠፋም። ያልቻልኩት ግን ለአልጎትም የዚያን ሪፖርት ግልባጭ መላክዎን ነው። ባለ ማኅተም ወረቀት ላይ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ እንደረሳሁት ነገሩት።

ከገና በኋላ ጌጡ ሁሉ በሚወርድበት ቀን ዕቃዬን ልወስድ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ጉንቦር የመስኮቱን መቅረዝ እያወረደች ነበር። መጋረጃውን ስትገልጠው አንዲት ትንሽ ሣጥን አየን፤ የሁላችንም የኔትወርክ ገመድ ወደ እሷ ይገባል፣ ከእሷም አንድ ገመድ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። «መንካት ክልክል ነው» የሚለው ቀይ ወረቀትዎ ተለጥፎባታል። ቀን ነበርና አንድም መብራት አልበራባትም። የኤሌክትሪክ ገመዷን በዓይናችን ተከተልነው። ኤክስቴንሽን ውስጥ ተሰክቷል፤ መቅረዙም እዚያው ኤክስቴንሽን ውስጥ ተሰክቷል፤ ኤክስቴንሽኑ ደግሞ እንዳለ የተሰካው ታይመሩ ውስጥ ነው።

ጉንቦር ታይመሩን ነቅላ ኤክስቴንሽኑን ግድግዳው ላይ ሰካችው። ሣጥኗ አረንጓዴ መብራቶቿን ቦግ አደረገች። ከኋላችን ኮምፒውተሮቹ መልእክት መቀበላቸውን በየተራ እየጮሁ ነገሩን። ጉንቦር ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና «ጉድ ነው፣ ማይሊስ፣ ለመቅረዙ ሲሉ ነው እንዴ ያጠፉን?» አለች። እኔ አልቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ የምነሳ አልመሰለኝም።

በማግስቱ የእርስዎ የውስጥ ጋዜጣ «የረጅም ጊዜ ጥረታችን ፍሬ አፈራ፤ የቤት ለቤት እንክብካቤ ቢሮ የግንኙነት ችግር ተቀረፈ» ብሎ ወጣ። እንኳን ደስ ያለዎ። ለሹመትዎ ንግግር ሲዘጋጁ ምስል የሚያስፈልግዎ ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ «የኃይል ቁጠባ በተግባር» በሚል ርዕስ ያወጣውን ፎቶ እጠቁማለሁ። ከመጋረጃው ሥር ተንበርክከው ይስቃሉ። በቀኝ እጅዎ የኤክስቴንሽኑን ራስ፣ በግራዎ ታይመሩን ይዘዋል፤ ከትከሻዎ በላይ ሣጥኗ ከነቀይ ወረቀቷ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ያነሳው ሰው ሙያውን ያውቃል። ፎቶውን ከድረ ገጹ ለማውረድ እንዳይደክሙ ብዬ አሳትሜ ከሱፐርማርኬቱ መግቢያ፣ ከዋናተኞች ማኅበር በርና ከቤተ ክርስቲያኑ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰዎች ቆመው ያዩታል። ፈገግታዎ በጣም ተወዷል።

ክቡር ሆይ፣ የማንም ክፋት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው ልብ ብሎ ያሰበበት ነገር ይሆን ነበር። እርስዎ ያላደረጉት ከሁሉ ቀላሉን ነው፤ ጨለማ ሳይሆን፣ ሲቋረጥብን፣ አንድ ጊዜ መጥተው ማየት። ይህ ደግሞ እውቀት አይጠይቅም። ሰውን ማመን ብቻ ይበቃው ነበር፤ «ቀን ቀን ይጠፋብናል» ስንል፣ ቀን ቀን እንደሚጠፋብን ማመን።

ሥራዬን መልሱልኝ አልልም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አልጎት ዘንድ ይሂዱና ማን እንደረሳው በገዛ አፍዎ ይንገሩት። እኔ ነግሬዋለሁ፤ ስለ ታይመሩም ስለ ሣጥኗም አንድ በአንድ አስረድቼዋለሁ። በትሕትና ሰማኝና «አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ፣ ግን ማዘጋጃ ቤቱ በወረቀት ጽፎታል እኮ» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ግብሩን በቀኑ የከፈለ ሰው ነው፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዋሻል ብሎ ማሰብ አይሆንለትም። ይቅር ብሎኛል። ባልሠራሁት ጥፋት ይቅር መባል ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም፤ ለእርስዎ ግን እመኛለሁ።

ለጉብኝት የሚገባው በቀን ብርሃን ነው። ከመሸ በሩ ይዘጋል። ይህ ለመሥሪያ ቤትዎ ልማድ የማይመች መሆኑን ስለማውቅ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የእርስዎን እድገት፣ የጉልበትዎን ጤንነት፣ የሚመሩትንም አውራጃ በሙሉ ለፈጣሪ ጥበቃ በአደራ ሰጥቼ፣ በማይሸረሸር እምነትና በማይበርድ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ፣

ማይሊስ ኦከርስትራንድ
የቀድሞ አስተባባሪ፣ የአሁን የሰው ስህተት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት አልጎትን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እዚያ መኖሪያ ውስጥ የጨለማው ወራት እስኪያልፍ የመስኮቱን መብራት አያወርዱም። አንዷ ተንከባካቢ «አልጎት ወርቅ ሰው ነው፣ ማታ ማታ እንጂ ቀን ቀን አንድም ጊዜ ደውሎ አያስቸግረን» ብላ አመሰገነችልኝ። እሱን ስጠይቀው «እደውላለሁ እንጂ፣ ቀን ሥራ ይበዛባቸዋል መሰለኝ አይመጡም» አለ። ተንበርክኬ ከአልጋው ሥር አየሁ። በዘመቻዎ ወራት እዚያም ብስኩት ይዘው መጥተው ነበር። የጥሪ ደወሉ መሣሪያና የመስኮቱ መቅረዝ በአንድ ኤክስቴንሽን፣ ኤክስቴንሽኑም በታይመርዎ ላይ ተሰክተዋል። ማንንም ሳላስፈቅድ ነቀልኩት። «ይኸው አልጎት፣ አሁን ደውል» ስለው ደወለ፤ ልጅቷ እየሮጠች ገባች። እሱም አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ ረጅም ነበር። ታይመሩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ስለሆነ ሲመጡ ይረከቡኛል። ክልክል የሆነ መሣሪያ ስለነካሁ ሪፖርት መጻፍ ግድ ከሆነብዎም የተጠቃሚ ስህተት ብለው ይጻፉት።